ወደ አሰብ የምትሄደው ፔጆ

ሬሳው ገና ጉድጓዱ ውስጥ ነበር።

መቶ አለቃ ላጲሶ ከፖሊስ ላንድሮቨሩ ወርዶ ወደ ግቢው ሲገባ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ተሰብስቦ አገኘው። ሰዉ ግን ከጋራዡ በር ራቅ ብሎ፣ አጥሩን ታክኮ ነው የቆመው። ጠጋ ብሎ ለማየት የሚጋፋ አንድም አልነበረም። የመኪና ግጭት ለማየት ከአውቶቡስ ወርዶ የሚሮጥ የአዲስ አበባ ሕዝብ እንዲህ ሲጨምት አንድ ያስፈራው ነገር አለ ማለት ነው።

«ጌታዬ፣ እዚያ ጉድጓድ ውስጥ ሰይጣን አለ» አለ ጠመንጃ ያነገተ አንድ የአብዮት ጥበቃ። «መካኒኩ ቁስል የለበትም፣ ደም የለበትም። የቤቱ እመቤት ላውጣው ብላ ዘላ ብትገባ እሷም ወዲያው ተዝለፍልፋ ወደቀች። ደግነቱ ከመሰላሉ ስር ስለነበረች ባሏ እጇን ይዞ ጎትቶ አወጣት። ከዚያ ወዲህ የሚወርድ ጠፋ።»

«ሰይጣን ሳይሆን አሻጥር ነው» አለ የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ረታ፣ የካኪ ኮቱን እያስተካከለ። ሊቀመንበሩ ከአሥረኛው የአብዮት በዓል ወዲህ በሰፈሩ የጠፋ ዶሮ ሁሉ አሻጥር ነበር የሚመስለው። «ተጠርጣሪዎቹን ለይቼ አቁሜያቸዋለሁ፣ ጓድ መቶ አለቃ። ማሰር ብቻ ነው የቀረው።»

«መጀመሪያ ሻማ ፈልጉልኝ» አለ ላጲሶ።

«ሻማ? ጸሎት ሊደረግ ነው እንዴ?»

ላጲሶ ሻማው ሲመጣ በሲባጎ አስሮ ለኮሰውና ነጭ ፔጆ 404 ከቆመችበት ስር ወዳለው የመካኒክ ጉድጓድ ቀስ አድርጎ አወረደው። እሳቱ ከጉድጓዱ አፍ ጥቂት ዝቅ እንዳለ እፍ እንደተባለ ጠፋ። እንደገና ለኮሰው፤ እንደገና ጠፋ። ነፋስ አልነበረም።

«አጎቴ ከምባታ ውስጥ የውሃ ጉድጓድ ቆፋሪ ነበር» አለ። «ሻማ ያልኖረበት ጉድጓድ ውስጥ እሱም አይገባም ነበር። እዚህ ያለው ሰይጣን አይደለም። ከአየር የከበደ ጋዝ ነው፤ እንደ ውሃ ዝቅ ያለ ቦታ ፈልጎ ይተኛል፤ አየሩን ገፍቶ ያስወጣል። በሩን ክፈቱት። መኪናዋን ወደ ውጭ ግፏት። ያንን ሸራ ይዛችሁ አራግቡ።»

ሻማው ታች ድረስ ሳይጠፋ እስኪወርድ ተራገበ። ከዚያ መካኒኩን ገብረሃንስን አወጡት። ዕድሜው አርባ የሚጠጋ፣ የዘይት ነጠብጣብ ያለበት ሰማያዊ ቱታ የለበሰ ሰው ነው፤ ፊቱ ላይ ምንም ሥቃይ አይታይም። ላጲሶ ኪሶቹን ፈተሸ። በቀኝ ኪሱ ውስጥ አፉ አራት ማዕዘን የሆነ አነስተኛ መፍቻ ነበር።

ጉድጓዱ አጠገብ ትልቅ የጋዝ ሲሊንደር ተጋድሟል። ላጲሶ በእግሩ ገፋ አደረገው፤ ባዶ ነው። ተንበርክኮ የሲሊንደሩን አፍ አየ። እጀታ የለውም። የሚዞረው አራት ማዕዘን በሆነች የነሐስ ራስ ነው። ነሐሷ ላይ አዲስ የጥርስ ንክሻ የመሰለ ጭረት ያብረቀርቃል። ጭረቱን በጣቱ ዳሰሰውና ተነሣ።

መጀመሪያ ያነጋገረው ተወልደን ነው። ተወልደ የሟቹ ጓደኛና የሥራ ሸሪክ ነው፤ በአዘቦት ቀን አንድ የመንግሥት ቀዝቃዛ መጋዘን ውስጥ ይሠራል።

«ይህች መኪና ምን ሆና ነው?»

«አታቀዘቅዝም ነበር፣ ጌታዬ። በንጉሡ ጊዜ አንድ ፈረንጅ ማቀዝቀዣ አስገብቶላት ነበር፤ አርጅቶ ኮምፕሬሰሩ ተቆላለፈ። የዚያ ዓይነት አሁን አይገኝም። ገብረሃንስ ከተገለበጠ የጃፓን መኪና ላይ ሌላ አወጣ፤ ማስቀመጫውን ከብረት ቆርጦ ሠራለት፤ ቺንጋውን ቀየረ፤ ቱቦውን አደሰ። ጋዝ መሙላት ብቻ ነበር የቀረን።»

«ተጣልታችሁ ነበር ይባላል።»

«የተጣላነው በጎሚኒ ነው!» አለ ተወልደ፤ ዓይኑ እንባ ሞላ። «የቱቦውን አሮጌ ጎሚኒ አንመልሰው፣ ያፈሳል አልኩት። እሱ ይበቃል አለኝ። ተናደድኩና አዲስ ላመጣ ቤቴ ሄድኩ። ስመለስ ሞቶ አገኘሁት።»

«ጋዙ መርዝ ነው?»

«ፍሪዮን መርዝ አይደለም። አይሸትም፣ እሳት አያነሣም። ገብረሃንስ ሁልጊዜ "ሕፃን ቢተነፍሰው ምንም አይሆንም" ይል ነበር። የቤቱ እመቤት ወይዘሮ ሃረገወይን ስትጠይቀውም እንዲሁ ነው ያላት። እኛ ደጅ ላይ ነው የምንሠራው፤ የተረፈውን ለነፋስ እንለቀዋለን። ማንም ሞቶ አያውቅም።»

«ታዲያ ዛሬ ለምን በር ተዘግቶ ተሠራ?»

ተወልደ ጓድ ረታን በጎን አየ። «ዛሬ እሑድ ነዋ፣ ጌታዬ። የቀበሌ ስብሰባ አለ።»

ነገሩ ለላጲሶ ወዲያው ገባው፤ በዚያ ዘመን የኖረ ሁሉ ይገባዋል። በስብሰባ ሰዓት የሚቀጠቅጥ መዶሻ ከደጅ ከተሰማ ባለቤቱም ሠሪውም ተያይዘው ቀበሌ ይገባሉ። ስለዚህ የጋራዡ በር ተዘግቷል፤ የአየር ማስገቢያው ቀዳዳ ድምፅ እንዳያወጣ በጆንያ ተወትፏል። ደጅ ላይ ማንንም የማይጎዳ ጋዝ ቤት ተሠርቶለታል።

«መፍቻው የማን ነው?»

«የገብረሃንስ። ጋዝ ማግኘት ጭንቅ ስለሆነ ማንም እንዳይነካበት ከኪሱ አይለየውም። ለእኔ እንኳ አይሰጠኝም ነበር። እኔ የራሴን ነው የምይዘው፤ ይኸው።» ተወልደ እጁን ኪሱ ከትቶ የራሱን አሳየ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ጌታዬ፣ ጋዙን ከመጋዘን ሳላስፈቅድ ያመጣሁት እኔ ነኝ። ሌላ ሲሊንደር ከተማው ውስጥ የለም። እኔ ባላመጣው ገብረሃንስ ዛሬ ቤቱ ምሳ ይበላ ነበር። እኔ ነኝ የገደልኩት።»

ላጲሶ ወደ ቤቱ ባለቤት ዞረ። አቶ አረጋዊ የጉምሩክ ሠራተኛ ነው፤ ወደ አሰብ ወደብ ተዛውሮ በቅርቡ መሄድ አለበት። ደረጃው ላይ ተቀምጦ መሬት መሬት ያያል።

«ጥበቃዎቹ ለስብሰባ ሊወስዱኝ በሩን ሲያንኳኩ ጉድጓዱ ውስጥ ግባ ያልኩት እኔ ነኝ» አለ ሳይጠየቅ። «የመንግሥት ጋዝ ይዞ፣ በስብሰባ ሰዓት፣ ቀበሌው ያልሆነ ሰው ቢገኝ ምን እንደሚሆን ያውቁታል። ሸራውን ከላይ ያለበስኩት እኔ ነኝ። እስክመለስ ትንፍሽ እንዳትል አልኩት። እንዳልኩትም አደረገ።» ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

«እዚያ መሆኑን ሌላ ማን ያውቅ ነበር?»

«ማንም። ወርቅዬ፣ ሠራተኛችን፣ ልጄን ፀሐይነሽን ይዛ ቤተ ክርስቲያን ነበረች። ባለቤቴ ራሴን አሞኛል ብላ መኝታ ቤት ነበረች። ገብረሃንስ በጓሮ በር ወጥቶ የሄደ ነው የሚመስላት።»

«አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ለመኪና ማቀዝቀዣ ይህን ያህል መከራ ለምን?»

«ከዚህ በፊት አሰብ ሠርቻለሁ። በረሃው መሐል በዚህችው ፔጆ ስንሄድ ሞተሩ ፈላብን። ወንድ ልጅ ነበረን፤ ጡት ያልጣለ። ሙቀቱ ገደለው። ማቀዝቀዣዋን አሠራታለሁ ስል፣ ዛሬ ነገ ስል ነው ያ የሆነው። ሃረገወይን ያቺን ትንሽ ልጅ ይዤ በዚያ መንገድ አልመለስም ብላ ማለች። ሽማግሌ ላክሁባት፤ ለመንኳት። በመጨረሻ "መኪናው ከቀዘቀዘ እመጣለሁ" አለች። አልሄድም ብል ደግሞ ሥራዬን ጥዬ ኮበለልኩ ነው የምባለው።»

ላጲሶ በመኝታ ቤቱ በር ሲያልፍ እመቤቲቱ እጇን በጨርቅ እንዳሰረች አየ። ወጥ ቤት ገባ። ወርቅዬ ጥግ ይዛ ታለቅሳለች።

«እመቤትሽ እጃቸው የታሰረው ምን ሆነው ነው?»

«ምድጃ አቃጠለኝ አሉኝ፣ ጌታዬ። ከቤተ ክርስቲያን ስመጣ ጠቅልለውት አገኘሁ።»

«ዛሬ ምድጃ ለኩሳችኋል?»

«በምን ላምባ? ከቀበሌ ሱቅ ከጠፋ ሰንብቷል። የትናንቱን ሽሮ ቀዝቃዛውን ነው የበላነው። እኔ ባልሄድ ኖሮ ይሄ ሁሉ ባልሆነ! ድምፅ እሰማ ነበር እኮ!»

ላጲሶ የላምባ ምድጃውን ጎንበስ ብሎ አየው። የእሳቱ ማዞሪያ ተሰብሮ ቀጭን ብረት ብቻ ቀርቷል። «ይሄን በምን ነው የምታዞሩት?»

«በፒንሳ። ሁልጊዜ እዚህ ምስማር ላይ ነው የሚሰቀለው።» ወርቅዬ እጇን ዘርግታ ባዶ ምስማር ነካች። ዞር ዞር ብላ ፈለገች፤ ፒንሳውን ያገኘችው ከሰል ማስቀመጫው ጣሳ ውስጥ ነው። «ውይ! እዚህ ማን ጣለው?»

ላጲሶ ፒንሳውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠጋው። ጥርሶቹ መሐል ቢጫ የነሐስ ፍርፋሪ ነበር።

መኝታ ቤት ሲገባ ወይዘሮ ሃረገወይን ግድግዳውን ተደግፋ አልጋው ላይ ተቀምጣለች። ሠላሳ ያልሞላት፣ ፊቷ የገረጣ ሴት ናት። መቼ መጣህ፣ ምን አገኘህ አላለችውም።

«እጅዎን ቢያሳዩኝ።»

ጨርቁን ፈታችለት። መዳፏና ጣቶቿ ላይ ቆዳው እንደ ሰም ነጥቷል፤ ደንድኗል። ቅላት የለውም።

«ይለበልባል?»

«ይደነዝዛል» አለች።

ላጲሶ አመስግኖ ወጣ። በረንዳው ላይ ትንሽ ቆመ። እሱም ሴት ልጅ ነበረችው፤ በዚያች ሰዓት ሌላ ሰው በመጣ፣ ሌላ መርማሪ በተላከ ብሎ ተመኘ።

አመሻሹ ላይ ሁሉም ሳሎን ተሰበሰቡ። ጓድ ረታ ትልቁን ወንበር ያዘ። ባልና ሚስት ጎን ለጎን ተቀመጡ፤ ተወልደና ወርቅዬ ቆሙ። የሟቹ ሚስት ኣምለሰት ጥቁር ለብሳ በሩ አጠገብ ዱካ ላይ ተቀምጣለች። ተረድታ ከመጣች ጀምሮ አልጮኸችም፤ ሰዉን አንድ በአንድ ታያለች።

«በዚህ ቤት ገደልኩት ያላለኝ ሰው የለም ማለት ይቻላል» ብሎ ጀመረ ላጲሶ። «ተወልደ ጋዙን በማምጣቱ ገዳይ ነኝ ይላል። አቶ አረጋዊ ጉድጓድ ውስጥ ስለደበቀው። ወርቅዬ ቤተ ክርስቲያን ስለሄደች። በሩን ያንኳኳው ጥበቃ እንኳ ሲጋራ ለምኖኝ ሲያበቃ "ባላንኳኳ ኖሮ" ብሎኛል። ጸጸት ደግሞ ማስረጃ አይሆንም። ስለዚህ ሰዉን ትቼ ብረቱን ጠየቅሁ።»

መፍቻውን ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

«ሲሊንደሩ በራሱ አልፈሰሰም፤ ሰው ነው የከፈተው። የሚከፈተው በዚህ ነው። ይሄ ግን ሟቹ ኪስ ውስጥ ነበር። ስለዚህ የከፈተው ሰው መፍቻ አልነበረውም፤ በፒንሳ ነው ነክሶ ያዞረው። ተወልደ የራሱ መፍቻ አለው፤ በሙያው ያደገ ሰው ደግሞ ነሐስ በፒንሳ ነክሶ አያበላሽም።»

አረጋዊ ሚስቱን አየ። እጇን አየ። ከወንበሩ ተነሣ። «ይበቃል! እኔ ነኝ የከፈትኩት። ጻፍና ውሰደኝ!»

«በምን ከፈቱት?»

«በ... በመፍቻ።»

«የቱ መፍቻ?»

አረጋዊ ጠረጴዛው ላይ ያለውን መፍቻ አየ።

«እርስዎ ጠዋት የት እንደነበሩ ጓድ ሊቀመንበር ያውቃሉ።»

«ስብሰባው ላይ ፊት ለፊቴ ነበር» አለ ጓድ ረታ ሳይወድ። «እንቅልፍም ወስዶት ነበር።»

«ይቀመጡ፣ አቶ አረጋዊ» አለ ላጲሶ ድምፁን አለስልሶ። «ይህ ጋዝ ከሲሊንደር በኃይል ሲወጣ ብረቱን ከበረዶ የባሰ ያቀዘቅዘዋል። የነካ እጅ ይነጣል፣ ይደነዝዛል። ወይዘሮ ሃረገወይን፣ እጅዎን ያቃጠለው ምድጃ አይደለም። ምድጃው ላምባ ካየ ሰንብቷል። የምድጃው ፒንሳ ግን ዛሬ ነሐስ ነክሷል፤ ከምስማሩ ወርዶም ከሰል ውስጥ ተደብቋል።»

ሁሉም ወደ እሷ ዞረ።

«አዎ» አለች ሃረገወይን።

«ጻፍ!» ጓድ ረታ ብድግ አለ። «ነፍስ ግድያ! የመንግሥት ንብረት ማውደም! አሻጥር!»

«አልጨረስኩም» አለ ላጲሶ። «ሰው ልግደል ብላ አይደለም የከፈተችው። ጋዝ ከሌለ ቅዝቃዜ የለም፤ ቅዝቃዜ ከሌለ አሰብ የለም። ሌላ ሲሊንደር እንደማይገኝ ታውቃለች። ልጇን ከዚያ በረሃ ለማስቀረት ያገኘችው መንገድ ይሄ ብቻ ነው። ጋዙ ምንም አይጎዳም ያላት ደግሞ ራሱ ሟቹ ነው። ማስረጃ ከፈለጉ፣ ሬሳው ሲታይ ቀድማ ዘላ የገባችው እሷ ናት። እንደሚገድል የሚያውቅ ሰው ራሱ ዘሎ አይገባበትም። ጉድጓዱ ውስጥ ሰው መኖሩንም አላወቀችም፤ ባሏ የደበቀው ሳይነግራት ነው። የእኔ ቃል ይሄ ነው፤ በቸልተኝነት የደረሰ ሞት።»

ቀድሞም ጽፎት መጥቶ ነበር። እንዲህ እንዲሆን ፈልጎ ነበር። ጓድ ረታ ጥርሱን ነክሶ ተቀመጠ፤ አረጋዊ ትንፋሹን ለቀቀ።

«አንድ ነገር ልጠይቅ» አለች ኣምለሰት ከዱካዋ ላይ። ድምፅዋን ሲሰሙ የመጀመሪያቸው ነው። «አልተጣራም? ድረሱልኝ አላለም?»

«አላለም» አለ ላጲሶ። «እንደ እንቅልፍ ነው የወሰደው። አልተሰማውም።» ይህን ከየት እንዳመጣው እሱም አያውቅም፤ ለባል የሞተባት ሴት ሌላ ምን ይባላል?

«ተመስገን» አለች ኣምለሰት፤ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። «እሱን ብቻ ነበር የፈራሁት።»

«አስሏል» አለች ሃረገወይን።

«ሃረጉ፣ ዝም በይ!» አረጋዊ ክንዷን ያዛት።

ክንዷን አስለቀቀች። የምታየው ኣምለሰትን ብቻ ነበር። «አስሏል፣ እኅቴ። ጋዙ እንደ ጉም ወለሉ ላይ እየተሳበ ወደ ጉድጓዱ ሲወርድ ሳል ሰማሁ። እግር ሰምቶ ጥበቃ የመጣ መስሎት ይሆናል፤ አፈን አድርጎ ነው ያሳለው። እዚያ መሆኑን ያን ጊዜ አወቅሁ። ይሞታል አላልኩም፤ በልጄ እምልልሻለሁ። የፈራሁት ወጥቶ እንዳይዘጋብኝ ነው። ከወጣ ይዘጋዋል፤ ከዘጋው አሰብ እንሄዳለን። ፒንሳውን እንደያዝኩ ቆሜ ጠበቅሁት። ደግሞ አሳለ፤ ከዚያ ዝም አለ። አልወጣም። ስላልወጣ ደስ አለኝ።»

ጓድ ረታ እንኳ ወለሉን አየ። አረጋዊ ከሚስቱ ጎን እንደተቀመጠ እጁን የት እንደሚያኖር ጠፋው።

ኣምለሰት ተነሥታ ሃረገወይን ፊት ቆመች። የምትመታት መስሏት ወርቅዬ ጠጋ አለች። ኣምለሰት ግን አልነካቻትም።

«ልጆቼ አባታችን እንዴት ሞተ ቢሉኝ ተኝቶ ልላቸው ነበር» አለች። «አሁን እንደዚያ ልላቸው አልችልም። ይቅር አልልሽም። ግን ደብቀሽኝ ቢሆን ዕድሜ ልኬን የማላውቅ ሞኝ ታደርጊኝ ነበር።» ወደ ላጲሶ ዞረች። «እንዳለችው ይጻፉት፣ ጌታዬ። ሳሉንም ይጻፉት። ማንም ሳያስገድዳት እንደተናገረችም ይጻፉ።»

ላጲሶ ብዕሩን አወጣ። «ሰው መኖሩን አላወቀችም» የሚለውን መስመር ሰረዘው፤ ሃረገወይን የተናገረችውንም ምንም ሳይቀንስ ከሥሩ ጻፈ።